«ሰው አለህ?» የማይባልበት ሺህ ኪሎ ሜትር

ዛሬ የምጽፈው ስለ ብስክሌት ነው። «አገሩ እንዲህ ሆኖ ስለ ብስክሌት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ባለፈው እሑድ ዕቃዬን በሙሉ ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ሁለት መለዋወጫ ጎማ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የፍሬን ሸራ፣ የሰንሰለት መፍቻና ዘይት፣ ሁለት የፊትና ሁለት የኋላ መብራት፣ የስልክ መሙያ ባትሪ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ቀላል የመኝታ ከረጢት፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ሦስት ሊትር ውሃ የሚይዙ ኮዳዎች፣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ቴምር፣ ቆሎ። ሁሉም በመሪው፣ በብስክሌቱ ሆድና ከመቀመጫው ኋላ በሚታሰሩ ሦስት ሻንጣዎች ውስጥ መግባት አለበት። ከሻንጣው የተረፈ እዚሁ ይቀራል።

እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ወለሉን አየችው።

«ይሄን ሁሉ ተሸክመህ ነው የምትሄደው?»

«አዎ እማዬ።»

«ከኋላህ በመኪና የሚከተልህ ማነው?»

«ማንም።»

«ቢሰበርብህስ? ቢርብህስ?»

«ከሱቅ እገዛለሁ። የሚሸጥ ካላገኘሁ ራሴ እጠግናለሁ።»

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እዚያ አገር ሰው የለህም?» አለችኝ።

እንደሌለኝ ነገርኳት። ቢኖረኝም እንኳን የውድድሩ ደንብ እንደማይፈቅድ ጨመርኩላት። እንዳልገባት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ሰው እያለው ሰውን የማይጠቀም ምን ዓይነት ሰው ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ደንቡ እኔንም በደንብ የገባኝ ያን ቀን ማታ ዕቃዬን ስቆጥር ነው። የምጽፍላችሁም እሱን ነው።

◆ ውድድሩ ምንድነው?

የምዘጋጅለት ውድድር ሩዋንዳን ይዞራል። ከኪጋሊ ተነሥቶ በአስፋልትና በጥርጊያ መንገድ አገሪቱን ዞሮ ኪጋሊ ይመለሳል፤ ርዝመቱ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሩዋንዳ «የሺህ ኮረብቶች አገር» የምትባለው በከንቱ አይደለም፤ ሜዳ ብሎ ነገር የለም። ሰዓቱ አንዴ መቁጠር ከጀመረ ተወዳዳሪው እስኪጨርስ አይቆምም። ስትተኛም ይቆጥራል፣ ስትበላም ይቆጥራል። በእንዲህ ዓይነት ውድድር ብዙዎች በቀን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ይተኛሉ። እኔ ከአምስት ላለማሳነስ ወስኛለሁ፤ እንቅልፍ አጥቶ ቁልቁለት መውረድ ጀግንነት አይደለም።

ሩዋንዳን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ቪዛ ነው። አውሮፓ ያለ ውድድር ልሂድ ብል የባንክ ሒሳቤን፣ የቤት ካርታና የጋብቻ ወረቀት ይዤ «ተመልሼ እመጣለሁ» ብዬ መማል አለብኝ። ሩዋንዳ ግን ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች። ደግሞም አገሪቱ ብስክሌትን አክብራለች፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አስተናጋጇ ኪጋሊ ነበረች።

አሁን ወደ ደንቡ ልግባ። እንዲህ ዓይነቱ ውድድር «ያለ ድጋፍ» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ጫካ ውስጥ የሚያድር፣ ሥር ምሶ የሚበላ ብሕትውና ነገር ነው። አይደለም። ሆቴል መተኛት ትችላለህ። ምግብ ቤት ገብተህ ጥብስ ማዘዝ ትችላለህ። ብስክሌትህ ከተሰበረ ጠጋኝ ጋ ወስደህ ከፍለህ ማሠራት ትችላለህ። የማይፈቀደው ሌላ ነው። የአጎትህ ልጅ ቤት ማደር አይፈቀድም። ጓደኛህ ጎማ ይዞ መንገድ ላይ እንዲጠብቅህ ማድረግ አይፈቀድም። ሚስትህ በመኪና ተከትላህ ሾርባ ማቀበል አትችልም።

መለኪያው ቀላል ነው፦ ከኋላህ የሚመጣው የማታውቀው ተወዳዳሪ ያንኑ ነገር በዚያው መንገድ ማግኘት ይችላል? ከቻለ ተጠቀም። አንተ ስለሆንክ ብቻ የምታገኘው ከሆነ ተወው።

በሰሜን አሜሪካ ከካናዳዋ ባንፍ ተነሥቶ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ወደ 4,400 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ቱር ዲቫይድ ይህን መለኪያ በደንብ ያሳያል። መንገድህ ላይ ወዳለ ፖስታ ቤት አስቀድመህ ለራስህ ጥቅል መላክ ትችላለህ፤ ፖስታ ቤት የሁሉም ነውና። ወደ ወዳጅህ ቤት መላክ ግን አትችልም። ጥቅሉ አንድ ነው፣ ይዘቱም አንድ ነው። የሚለየው በሩ ለማን ክፍት እንደሆነ ነው።

አውሮፓን የሚያቋርጠውን ትራንስኮንቲኔንታል የተባለውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 የመሠረተው እንግሊዛዊው ማይክ ሆል ነበር። እሱ ራሱ በ2012 ዓለምን በብስክሌት የዞረ ሰው ነው፤ በ2017 አውስትራሊያን በሚያቋርጥ ውድድር ላይ እያለ መኪና ገጭቶት ሞተ። (ሁለት የኋላ መብራት የምይዘውም ስለዚህ ነው።) የተወልን ሐሳብ ግን አልሞተም፦ የቡድን መኪና የሌለው፣ ስፖንሰር መንገድ ላይ የማያድነው፣ ሁሉም በአንድ ሱቅ የሚገዛበት ውድድር።

ውጤቱን ተመልከቱ። በ2019 ያ ውድድር ከቡልጋሪያዋ ቡርጋስ ተነሥቶ ፈረንሳይ ብሬስት ሲገባ አንደኛ የወጣችው ጀርመናዊቷ የካንሰር ተመራማሪ ፊዮና ኮልቢንገር ነበረች። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨርሳ፣ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ከኋላዋ አስከትላ ገባች። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ስሟን አያውቀውም ነበር። ማንነቷን የሚጠይቅ በር ስላልነበረ ማንም አልመለሳትም።

◆ ዕቃዬን ስቆጥር

እዚህ ድረስ «ጥሩ ደንብ ነው» ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ ያን እሑድ ማታ፣ ወለሉ ላይ የዘረገፍኩትን እያነሣሁ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ይህን ዕቃ ያለ ሰው አገኘው ነበር?

ጎማዎቹ። አየር ሲያስተነፍሱ በውስጣቸው ባለ ፈሳሽ ራሳቸውን የሚደፍኑ ናቸው፤ ዞሬ ዞሬ እዚህ ሱቅ አላገኘሁም። ዲሲ ያለች የአክስቴ ልጅ ገዛችልኝ፣ ጎረቤቷ ለሠርግ ሲመጣ በሻንጣው አመጣልኝ።

ሦስቱ ሻንጣዎች። ዱባይ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ።

የመመዝገቢያው ክፍያ። በዶላር ነው የሚታሰበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በብር የሚከፈለው የፍሪላንስ ጽሑፍ ዋጋ ግን እዚያው ቆሟል። ብሩን እዚህ ለእናቷ ሰጥቼ ዶላሩን እዚያ የከፈለችልኝ ያቺው የአክስቴ ልጅ ናት።

ብስክሌቱ ራሱ። አንድ ወዳጄ ሊሸጠው ሲያስብ ለሌላ ሰው ሳይናገር ለኔ ነገረኝ።

በሶው የእናቴ ነው፤ ይኼን ማንም እንዳይነካብኝ።

ሃያ ሦስት ዓይነት ዕቃ ቆጠርኩ። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ያለ ሰው በእጄ አይገቡም ነበር። እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ የምሄደው «ሰው» ወደማይሠራበት ውድድር ነው።

«እነዚህ ምን ነውር አላቸው? ዘመድ ለዘመዱ ገዛ፣ ላከ» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። የውድድሩ ደንብም የሚጀምረው ከመነሻው መስመር ነው፤ ከዚያ በፊት ጎማህን ከየት እንዳመጣህ አይጠይቅም። ግን አንድ ሃያ አራተኛ ነገር አለ። ወለሉ ላይ ያልዘረገፍኩት ነገር ነው።

◆ ሃያ አራተኛው

ለጉዞው አንድ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ ብጽፈው ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ነገር ይመስላችኋልና።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። በሩ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቀደሙት ሰዎች ራሳቸው በደብተር ቅዳጅ ላይ ስም እየጻፉ ተራ ይዘዋል፤ 41ኛ ሆንኩ። 42ኛው ነጠላ የለበሱ አዛውንት ነበሩ። ከቡታጅራ በኩል ከአንድ ቀን በፊት መጥተው ዘመድ ቤት ማደራቸውን፣ ለዚሁ ጉዳይ ሲመላለሱ ሦስተኛ ጊዜያቸው መሆኑን አጫወቱኝ። እኔም ስለ ብስክሌቱ አጫወትኳቸው። «ሺህ ኪሎ ሜትር በእግር ጉልበት! ጎበዝ!» ብለው ሳቁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አንድ ጓደኛዬ ነው።

«የት ነህ?»

«ሰልፍ ላይ።»

«አንተ ደግሞ! ምን ሰልፍ ትይዛለህ? ሰው አለኝ አላልኩህም? በጎን በኩል ዙር፣ አሁን እደውልለታለሁ።»

አዛውንቱን፣ «አባቴ፣ ቁርስ ቀምሼ ልምጣ» አልኳቸው። «ሂድ ልጄ፣ ብላ፤ ተራህን እጠብቅልሃለሁ» አሉኝ።

በጎን በኩል ዞርኩ። ሻይ ተጋበዝኩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደብዳቤው ከነማኅተሙ በእጄ ገባ። ጉቦ አልከፈልኩም፤ አልተጠየቅኩምም። ሁሉም ሰው ጨዋ ነበር። ስወጣ ሰልፉን ከሩቅ አየሁት፤ ገና 15ኛው ሰው ላይ ነበር። አዛውንቱ ከፊታቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት አድርገው ቆመዋል።

በሌላ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን እንጦጦን ወጥቼ ሱሉልታ እየደረስኩ እመለሳለሁ። እግሬ ጠንክሯል። ቀዳዳ ጎማ በሰባት ደቂቃ እቀይራለሁ። በሶ ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬደኝ በግራም አውቃለሁ። በምን መለኪያ ግን ተዘጋጅቻለሁ ማለት እችላለሁ?

◆ «ራስን መቻል» ሲባል

በዚህ አገር እንደ «ራስን መቻል» የተወደደ ቃል የለም። ከመድረክ ይነገራል፣ በባነር ይሰቀላል። በምግብ ራስን መቻል፣ በራስ አቅም፣ በራሳችን ልጆች። ቃሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው፣ ያለ አጎት፣ ያለ «ከላይ ተደውሎ»፣ ያለ የጎን በር ጉዳዩን መጨረስ የማይችልበት አገር እንደ አገር ራሱን ቻለ ሲባል ምን ማለት ነው?

የኛ ራስን መቻል «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» እንደሚባለው ነው። የወጣት የሥራ ፈጠራ ውድድር ይዘጋጃል፤ አሸናፊው ከመታወጁ በፊት ይታወቃል። የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ቦታው የተያዘ ስለሆነ ማስታወቂያው ለሥርዓት ብቻ ነው። ከዚያ አሸናፊው መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ጽናት ይናገራል። እኛም እናጨበጭባለን።

ባለሥልጣን ብቻ መውቀስ ቀላል ነበር፤ ይህ ቻናል ለዚያ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ግን የጎኑን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ያስከፈተልኝ ጓደኛዬ ስለ መልካም አስተዳደር ሲናገር ብትሰሙት ታለቅሳላችሁ።

◆ የሚመጣውን ሙግት አውቀዋለሁ

አንደኛ፦ «ባህላችን መረዳዳት ነው። ይህ ያለ ድጋፍ ምናምን የፈረንጅ ግለኝነት ነው።»

ሐሰት ነው። መረዳዳታችንን የምናኮራበትን ተቋም ውሰዱ፤ ዕድርን። ዕድር መዝገብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው። የሀብታሙም የድኻውም ቤት ሐዘን ሲገባ የሚመጣው ድንኳን ያው ነው። ዕቁብም ዕጣው የሚወጣው ሁሉም እያየ ነው፤ ሰብሳቢው ለእኅቱ ቀድሞ ቢያወጣላት ዕቁቡ በዚያው ሳምንት ይፈርሳል። አያቶቻችን ለሁሉም ክፍት የሆነ እርዳታን ከዘመድ ሥራ መለየት ያውቁበት ነበር። የጎን በር የመረዳዳት ልጅ አይደለም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የተባለው እንዲሁ ለሙገሳ ብቻ ይመስላችኋል?

ደግሞ እነዚህ ውድድሮች ደግነትን አይከለክሉም። በቱር ዲቫይድ ልማድ፣ ያልተቀጠረና ያልታሰበ መንገደኛ ለሚያልፈው ሁሉ ውሃ ቢያቀርብ መጠጣት ነውር አይደለም። ነውሩ አስቀድሞ ላንተ ብቻ የተዘጋጀው ነው።

ሁለተኛ፦ «ሥርዓቱ በማይሠራበት አገር ሰው ባይዙ ምን ይውጣል? ትሞታለህ እኮ።»

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ አላቃልለውም። የታመመ ልጅ ይዞ ሆስፒታል በር ላይ የቆመ አባት ሰው ቢፈልግ እኔ ልወቅሰው አልችልም። እኔ ግን የታመመ ልጅ አልያዝኩም። ብስክሌት ልነዳ ነበር። በየቀኑ በጎን በር ከምንገባው ውስጥ ስንቶቻችን ነን ነፍስ ለማትረፍ የምንገባው? ስንቶቻችንስ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ስላለን ብቻ?

ደግሞ ሥርዓቱ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት እኛ በጎን መግባታችን ነው። መጮኽ የሚችለው፣ መጻፍ የሚችለው፣ ስልክ የሚደውልለት ሰው ያለው ሁሉ በጎን በር ከገባ፣ በፊት ለፊቱ ሰልፍ የሚቀረው ድምፁ የማይሰማ ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሰልፌ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ስለዚያ ሰልፍ እጽፍ ነበር። አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም ጉዳዬ አለቀ።

ሦስተኛ፦ «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው። የጎማህ ዋጋ የአስተማሪ ደመወዝ ነው። ስለ እኩልነት አታስተምረን።»

ተቀብያለሁ። ደንቡ ከመነሻው መስመር ወዲያ ያለውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ እስከዚያ ድረስ ለመድረስ ገንዘብ ያለውና የሌለው እኩል አይደሉም። ማንም ይህን ቢክድ ይዋሻል። ነገር ግን «ሁሉም እኩል ስላልሆነ ሰልፉን መዝለል ምን አለበት» ማለት፣ ድኻው በዋጋ ከተቀደመ በኋላ በተራም ይቀደም ማለት ነው።

◆ ሸኖ ላይ ያገኘሁት ዳኛ

ከአንድ ወር በፊት ለልምምድ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከነሙሉ ጭነቴ፣ በውድድሩ ደንብ። ደብረ ብርሃን አጎት አለኝ፤ እሱ ቤት ላላድር፣ ርካሽ አልጋ ልይዝ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ሸኖ ልደርስ ስል የኋላ ጎማዬ በጠርሙስ ስባሪ ተሰነጠቀ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ መድፈን አልቻለም፤ ነጭ አረፋ እየተፋ አለቀ። የያዝኩት መለጠፊያ ለስንጥቁ አነሰ። እየገፋሁ ከተማው ገባሁና ጎሚስታ አገኘሁ፤ ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። ከፊቴ አንድ ባጃጅና የጋሪ ጎማ የያዙ አንድ ገበሬ ነበሩ።

«ወንድሜ፣ ሰዓት እየተቆጠረብኝ ነው፤ ልምምድ ላይ ነኝ። ጨምሬ እከፍልሃለሁ፣ አስቀድመኝ» አልኩት። አፌን አልያዘኝም። ውድድር ላይ የማይፈቀደውን ነገር በልምምዱ ላይ ለመንኩ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ሰዓቱ ለሁላችንም ይቆጥራል። መጀመሪያ ባጃጁ፣ ከዚያ አባባ፣ ከዚያ አንተ» አለኝና ሥራውን ቀጠለ።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ የኔን አነሣ። ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ቁራጭ አጣብቆ ሰፋው። የሞላልኝ ሒሳብ ከገበሬው ጋር አንድ ነው። ያ ጥፍ እስካሁን አልለቀቀም፤ ኪጋሊም ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ።

እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ለዚህ ውድድር የሚያስፈልገው ጠንካራ እግር ብቻ አይደለም፤ እንደዚህ ልጅ ዓይነት ሰው ያለበት መንገድም ያስፈልጋል። ማንነቴን ሳይጠይቅ፣ በተራዬ፣ በታወቀ ዋጋ የሚሠራልኝ። «ራሱን የቻለ» ብስክሌተኛ የሚኖረው መንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉንም እኩል ሲያዩ ነው።

◆ ነጥቧ

ስለ አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሳተላይት የሚከታተላት ትንሽ መሣሪያ ይይዛል። በካርታ ላይ ነጥብ ሆነህ ትታያለህ። እናቴ እዚህ ሆና ስልኳን ከፍታ የት እንዳለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ ማየት ትችላለች። መንገድ ላይ ዳኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ግን አቋራጭ ብትገባ፣ መኪና ላይ ብትጫን ነጥቧ ትናገርብሃለች።

በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል። ለየትኛው አገልግሎት ስንት ደቂቃ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ተጽፏል። የማይታየው የኔ ፋይል የት እንዳለ ነው። ማን ጠረጴዛ ላይ ነው? ስንት ቀን ቆመ? ከኋላዬ የገባ ፋይል እንዴት ቀደመኝ? ብስክሌተኛን በሩዋንዳ ተራራ ላይ መከታተል ከተቻለ፣ ፋይልን ከአንደኛ ፎቅ እስከ ሦስተኛ ፎቅ መከታተል ምን ያቅታል? ቴክኖሎጂ አይደለም የጎደለው። ነጥቧ ከበራች የጎኑ በር ይታያል፤ ችግሩ እሱ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ተራን በቁጥር ይስጥ፤ ዛሬ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጥፍ። ባለጉዳይ ፋይሉ የት እንዳለ በስልኩ ማየት ይቻለው። ያለ ተራ የተስተናገደ ካለ ምክንያቱ ይጻፍ፦ ታማሚ፣ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ። «የእገሌ ሰው» የሚል ምክንያት መጻፍ ስለማያመች፣ መጻፍ ግዴታ ከሆነ ይቀንሳል።

ከኛም አንድ ነገር። በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኛችሁ «ሰው አለኝ» ሲላችሁ፣ ነፍስ የሚያድን ጉዳይ ካልሆነ፣ አንዴ እንኳን «ተወው፣ ተሰልፌያለሁ» በሉት። ጅል ትባላላችሁ። እኔም እባላለሁ።

ከሸኖ በኋላ አንድ ነገር ሞክሬያለሁ። ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሁለት ጠዋት ሄጄ ሰልፉን አየሁት። አዛውንቱን አላገኘኋቸውም። ጉዳያቸው አልቆላቸው ሊሆን ይችላል፤ ወይም አራተኛ ጊዜ ለመምጣት ገንዘብ እያጠራቀሙ ይሆናል። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም ነበር። ያን ቀን ክፍት አድርገው የያዙልኝን ቦታ ስንት ሰዓት ላይ እንደዘጉት አላውቅም።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ «ሰው» ሳይኖራችሁ ጉዳይ የጨረሳችሁበትን ቦታ። እንዲህ ዓይነት ቦታዎች ካሉ በስም እንወቃቸው፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ቸር ይግጠመን።